ተቀጣጣዩ አውቶብስና የኋላ በር

ባሌ ተገኘ ሃያ ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ የከተማ አውቶብስ ሲነዳ ኖሮ፣ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ወዳለው ቤታችን ብቅ የሚለው ለገናና ለፋሲካ ብቻ ነበር። ብቅ የሚለው ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዶሮው ወጥ ሳያልቅ ሻንጣውን ያነሣል። ጎረቤት «እንግዳሽ ሄደ ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ መጀመሪያ እቆጣ ነበር። በኋላ ነገሩ እውነት መሆኑን ሳየው መቆጣቱንም ተውኩት። ልጆቻችንም አድገው ከቤት እስኪወጡ ድረስ አባታቸውን ከበዓል ለይተው ያወቁት አይመስለኝም።

ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት አገሩ ሁሉ ማኅበር በማኅበር ሲሆን፣ በእኛም ከተማ የትራንስፖርት ማኅበር ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩ አቶ ጌጡ ስብሰባ የሚወድ፣ ያለ አጀንዳ ሚስቱን እንኳ ደኅና አደርሽ የማይል ሰው ነው። ማኅበሩ አዲስ አበባ ሄዶ በጨረታ የቀረበ አሮጌ የከተማ አውቶብስ ገዛ። ተራ አውቶብስ እንዳይመስላችሁ። ሁለት መኪና ተጋጥሞ አንድ የሆነበት፣ መጋጠሚያው ላይ እንደ አኮርዲዮን የሚጨማደድ፣ ፊቱ አደባባዩን ዞሮ ሲጨርስ ጀርባው ገና መዞር የሚጀምር ዓይነት ነው። ተገኘ ይህን ዓይነት መኪና ለዓመታት ስለነዳው፣ ማኅበሩ እንዲያመጣው ለእሱ ሰጠው። የጣርማ በርን ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ባዶውን ይዞት እንዴት እንዳለፈ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። እኔ የማውቀው ሁለት ቀን ፈጅቶበት፣ አቧራ ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ እየሳቀ መድረሱን ነው።

ውሉ ቀላል ነበር። አውቶብሱ በየቅዳሜው ገበያተኛ ከመሐል ሜዳ ወደ ቀየት ገበያ ያመላልሳል፤ ያ መንገድ ከአንድ ረጅም ቁልቁለት በቀር ደልዳላ ስለሆነ ይመቸዋል። በሁለት ገበያ ውስጥ ሰው ከተሳፈረ ተገኘ የማኅበሩ ሹፌር ሆኖ ቤቱ ይቀራል። ካልተሳፈረ አውቶብሱ ለመለዋወጫ ተበልቶ ይሸጣል፣ ተገኘም ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ የድሮ አለቃው ቦታውን ይዞ እየጠበቀው ነበር። እኔ እንግዲህ ሃምሳን የተጠጋሁ ሴት ነኝ። ባሌ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ቤቱ እንዲገባ መፈለጌን ከማንም አልደበቅኩም። የኋላውን በር ትኬት ቆራጭነት የያዝኩትም ለዚሁ ነው፤ ለሥራው ፍቅር ኖሮኝ አይደለም።

ጣጣው የመጣው ከቃል ነው። ተገኘና የከተማ ጓደኞቹ ይህን መኪና ተቀጣጣይ አውቶብስ ነበር የሚሉት፤ አንዱ ካንዱ ስለተቀጣጠለ። አቶ ጌጡ ቃሉ ጣመው። በሁለቱም ጎን፣ በቀይ ቀለም፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል «ተቀጣጣይ አውቶብስ፤ መሐል ሜዳ – ቀየት» ብሎ አስጻፈበት። እኛ አገር ደግሞ ይህ ቃል የሚታወቀው ከነዳጅ ቦቴ ጀርባ ላይ ነው። ፊደል የቆጠረውም ያልቆጠረውም፣ ተቀጣጣይ የተባለ ነገር አጠገብ ክብሪት እንደማይጫር ያውቃል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድም ሰው አልተሳፈረም። ገበያተኛው አህያውን እየነዳ፣ በጉን እየጎተተ በአውቶብሱ ጎን ያልፋል። ጽሑፉ ጋ ሲደርስ መንገዱን ሰፋ አድርጎ ይዞራል። ሴቶቹ ያማትባሉ።

«ግቡ እንጂ፣ ምን ሆናችሁ?» ብዬ አንዱን ጎረቤታችንን ያዝኩት።

«ኮከቤ፣ እንዲያው እናንተ ደጎች ናችሁ» አለኝ። «ሌላው ደብቆ ያቃጥላል፤ እናንተ አስቀድማችሁ ጽፋችኋል። ለሐቀኝነታችሁ እግዜር ይስጥልን።» ይህን ብሎ አህያውን ቸብ አድርጎ ሄደ።

ተገኘ ባዶ አውቶብስ ይዞ ቀየት ደርሶ፣ ባዶውን ይዞት ተመለሰ። ማታ ራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። እኔም ዕቃውን ሳንኳኳ አመሸሁ።

አቶ ጌጡ በማግስቱ ስብሰባ ጠራ። ጽሑፉን እናጥፋው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ «ካጠፋነው ደግሞ ደበቁት ይሉናል» ተብሎ ወደቀ። እንግዲያው ቃሉን የሚያስረዳ አዋቂ ይፈለግ ተባለና መሪጌታ ተክለጻድቅ ተጠሩ። መሪጌታ በከተማው ተማሪም ሽማግሌም የሚፈራቸው፣ ከሳቸው በፊት ማንም ወንበር ላይ የማይቀመጥ፣ ከሳቸው በፊት ማንም በር የማያልፍ ሰው ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሕዝቡ በተሰበሰበበት እንዲናገሩ ለመንናቸው።

«ቃሉ አያስፈራም» ብለው ጀመሩ፤ ደስ አለን። «ቀጠለ ካለው ይወጣል። ቀጠለ ማለት ከአንዱ ሌላውን አስከተለ ማለት ነው። መኪናውም ሁለት ሆኖ ስለተያያዘ ተቀጣጣይ ተባለ።» ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ። መሪጌታ ግን ነገር ጀምረው በአጭሩ መተው አይሆንላቸውም። «እሳትም ተቀጣጠለ የሚባለው በዚሁ ነው» ብለው ቀጠሉ። «ከአንዱ እንጨት ወደ አንዱ ስለሚቀጥል። ስለዚህ መኪናውና እሳቱ በቃል አንድ ቤተ ሰብ ናቸው።»

«ታዲያ እርስዎ ይሳፈሩበታል?» ብሎ ከኋላ አንዱ ጠየቀ።

መሪጌታ ጥቂት አሰቡና «እኔ እንኳ በእግር መሄድ ነው የምወድ» አሉ። ነገሩ በዚያው አለቀለት። እኔ በልቤ ምነው ባልተማሩ ብያለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሁለተኛውና የመጨረሻው ቅዳሜ ሲደርስ ተገኘ ሌላ ዘዴ አመጣ። በማለዳ ገበያተኛው ሳይበተን መናኸሪያው መሐል አሮጌ ጎማ አምጥቶ ናፍጣ አርከፈከፈበትና ለኮሰው። ጥቁር ጭስ ሲነሣ ሰው ከየአቅጣጫው ተሰበሰበ። ባሌ ከአውቶብሱ የፊት ክፍል ቀይዋን እሳት ማጥፊያ አውርዶ፣ ቀለበቷን መዝዞ፣ ነጩን ዱቄት ፊው አደረገው። እሳቱ ዓይናችን እያየ ድርግም አለ። ጎማው ወፍጮ ቤት የዋለ መሰለ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ አንዳንዱም እልል አለ። በሃያ ዓመት ውስጥ ባሌን እንደዚያ ቀን አምሮ አላየሁትም።

ያኔ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ከተሰበሰበው ሰው መሐል ወይዘሮ የትምወርቅ ብቅ አሉ። የትምወርቅ የባና፣ የዚያ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ነጋዴ ናቸው፤ የመንዝ ብርድ ያለ ባና እንደማይገፋ የምታውቁ ሁሉ የሴትዮዋን ክብር ትገምታላችሁ።

«ልጄ፣ የፊተኛውስ ሠራ» አሉት። «የኋለኛውስ? እኛ ባና የምንጭነው ኋላ ነው። እሱ ባይሠራ የፊቱ ምን ያደርግልናል?»

«እውነታቸውን ነው» አለ ሕዝቡ።

ጭብጨባው ገና ከተገኘ ጆሮ አልወጣም ነበር። ጎማውን እንደገና ለኮሰና የኋለኛውን እሳት ማጥፊያ አምጥቶ እሱንም እስከ መጨረሻው አራገፈው። እሳቱ ጠፋ። ሕዝቡም «በቃ አየን፣ አመንን» እያለ ቦታ ለመያዝ ወደ አውቶብሱ ተንጋጋ። እኔ በደስታ ትኬቴን ይዤ ወደ ኋላው በር ስሮጥ፣ ባሌ የፊት በር ላይ እጁን ዘርግቶ ቆሞ አገኘሁት።

«አልጭንም» አለ።

«ምን ነካህ?» አልኩት።

«ማጥፊያዎቹ ባዶ ናቸው። የሚሞሉት ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ያለ እሳት ማጥፊያ ሰው ጭኜ አላውቅም፤ አሁንም አልጭንም።»

እንዴት እንደተናደድኩ አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም አይጻፍም። ሕዝቡ አይሳፈርም ብለን ስናለቅስ ሰንብተን፣ ሕዝቡ ሲሳፈር ሹፌሩ አይነዳም። «ሁለቱንም አራግፍ ያለህ ማነው?» ብዬ ጮኽኩበት። አቶ ጌጡ አስቸኳይ ስብሰባ እንጥራ ማለት ሲጀምር እሱንም አብሬ ዝም አሰኘሁት። ተገኘ ግን ንቅንቅ አላለም። ንዴቴ ውስጥ ሆኜ እንኳ ልክ መሆኑን አውቄዋለሁ፤ የባሰ ያናደደኝም ይኸው ነው።

ወይዘሮ የትምወርቅ ይሰሙ ነበር። «ልጄ፣ እኔ ቤት ጭድ ሲቀጣጠል በምን የማጠፋው ይመስልሃል?» አሉት። «በራሰ ባና ነው። ሱፍ ነበልባል አይወድም። ሸፍነህ ከተጫንከው ትንፋሽ ያጥረዋል።»

ተገኘ ዓይኑ በራ። ከተማ ሥልጠና ሲወስድ እሳት ላይ የሚጣል ወፍራም ጨርቅ አሳይተውት እንደነበር ትዝ አለው። ቢሆንም ሳይሞክር አላመነም። ጎማውን ለሦስተኛ ጊዜ ለኮሰ። የትምወርቅ ከሸክማቸው ትልቁን ባና መዝዘው የውሃ በርሜል ውስጥ ነከሩና፣ ራሳቸው ሄደው እሳቱ ላይ ጣሉት። ባናው ቸስ አለ፣ እንፋሎት ወጣው፣ እሳቱ ሞተ። ሲገለጥ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጠቁሯል እንጂ ባናው ባና ነው።

ተገኘ ውሃ የጠጡ ሁለት ባናዎች በበርሜል ከፊትና ከኋላ አስቀመጠ። ከዚያም ለሁሉም ተናገረ። «ጥሩንባውን ሦስት ጊዜ አስረዝሜ ከነፋሁ አደጋ አለ ማለት ነው። ሁሉም በቅርቡ ባለው በር ዕቃውን ትቶ ይውረድ።» አቶ ጌጡ ደግሞ «አወራረዱ በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ይሁን» አለ። ሁላችንም እሺ አልን፤ በአገራችን እሺ የማይባል ነገር የለም። መሪጌታም ሕዝቡ ሲሳፈር አይተው፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ወጡና ከኔ በር ፊት ለፊት ተቀመጡ። አጠገባቸው የትምወርቅ ነበሩ።

ጉዞው እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ሠርግ ነበር። ሰው መጋጠሚያው ላይ ቆሞ መኪናው ሲታጠፍ አብሮ እየታጠፈ ይስቃል። እኔም ሳቅኩ። ከፊት የባሌን ትከሻ አያለሁ፤ ይህ ሰው ከእንግዲህ የኔ ነው እያልኩ በልቤ ቤቱን እንደገና አደራጃለሁ።

ቁልቁለቱን አጋምሰን ስንወርድ አንድ ነገር ሸተተኝ። «ቆዳ ነው፣ የኔ ጥሬ ቆዳ ነው» አለ አንዱ፤ ሰው ሁሉ አመነው። እኔ ግን ቆዳ እንዲህ አይነት ዓይን የሚያስለቅስ ነገር እንደሌለው አውቃለሁ። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ባይ ከኋላው ጎማ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ፍሬኑ አልላቀቅ ብሎ ግሎ ነበር። ጮኽኩ። ተገኘም በመስተዋቱ አይቶት ኖሮ መኪናውን ወደ መንገዱ ዳር አስጠግቶ አቆመና ጥሩንባውን ሦስት ጊዜ ነፋ። በሮቹ ተከፈቱ።

የፊተኛው ክፍል ሰው ወዲያው ወረደ፤ ተገኘ እየጎተተ ነው ያወረዳቸው። በኔ በር በኩል ግን ማንም አልወረደም። ምክንያቱም መሪጌታ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ይቅደሙ እናቴ» ይላሉ ለየትምወርቅ።

«ኧረ ምን ሲደረግ፤ እርስዎ እያሉ እኔ?» ይላሉ የትምወርቅ።

«ግድ የለም፣ ሴት ትቅደም።»

«አይሆንም። የቤተ ክርስቲያን ሰው ትቼ ልወርድ? ሰው ምን ይለኛል?»

ከኋላቸው ሕዝቡ ሁሉ እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። ጭሱ በወለሉ ስንጥቅ እየገባ ነው። አንዱ ያስላል፤ ግን ካሳለ በኋላ «ይቅርታ» ይላል። ታላላቆቹ ሳይወርዱ ማን ይወርዳል? አቶ ጌጡ እንኳ የአምስት ሰው ቡድኑን አስከትሎ በተራው ቆሟል። በመንዝ ሰው እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው፤ እሳት ቢመጣ እንኳ በወግ ነው የሚቃጠል።

«ውረዱ» አልኩ። «ምንድን ነው እሱ፣ ውረዱ።»

«ቆይ ልጄ፣ እናታችን ይቅደሙ» አሉኝ መሪጌታ።

ያን ጊዜ ንዴቴ መጣ። ከሥር ነበልባል ቀላ ብሎ ጎማውን ሲልስ አይቻለሁ። ትኬቱን ጣልኩና መሪጌታ ተክለጻድቅን፣ ያውም ማንም በፊታቸው የማያልፈውን ሰው፣ ደረታቸውን በሁለት እጄ ገፋኋቸው። ሣሩ ላይ በጀርባቸው ወደቁ። ጥምጥማቸው ተፈትቶ ወደ ገደሉ አፋፍ ተንከባለለ። ቀጥዬ የትምወርቅን ገፋሁ። ሦስተኛውን ለመግፋት ስዞር የቀረው ሕዝብ፣ እሳቱን ሳይሆን እኔን ፈርቶ፣ ራሱ እየዘለለ ወረደ። እንደዚያ ቀን ፈጥኖ የወረደ ገበያተኛ ታይቶ አይታወቅም።

ተገኘ የራሰውን ባና ይዞ ወደ ጎማው ደረሰ። የትምወርቅም ከወደቁበት ተነሥተው፣ ቀሚሳቸውን እንኳ ሳያራግፉ፣ ሁለተኛውን ባና አምጥተው ከጎኑ ተንበረከኩ። ሁለቱ ጎማውን ሸፍነው ያዙት። እንፋሎት ወጣ፣ ጭሱ ሳሳ፣ ከዚያ ጠፋ። ማንም አልተጎዳም። አንዲት ዶሮ ብቻ አምልጣ ቁልቁለቱን ወረደች።

እኔ መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። ይኸው አለቀ አልኩ። ተቀጣጣይ ያሉት ተቀጣጠለ፤ ከእንግዲህ ማን ይሳፈራል? መሪጌታንም ሕዝብ እያየ ጥያለሁ። ተገኘ ነገ ሻንጣውን ያነሣል፤ እኔም በገናና በፋሲካ ባል ያላት ሴት ሆኜ እሞታለሁ። እንባዬ መጣ፤ አልከለከልኩትም።

መሪጌታ ሰው አንሥቷቸው፣ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ፣ ሣር በጺማቸው ላይ ተሰክቶ መጡ። ፊቴ ሲቆሙ ለመነሣት ሞከርኩ፤ በእጃቸው ከለከሉኝ።

«አባቴ፣ ይማሩኝ» አልኩ።

«ምኑን ነው የምምርሽ? ባትገፊኝ እኮ እስካሁን ይቅደሙ እያልኩ ነኝ» አሉ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩና ማኅሌት እንደሚቆም ሰው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ስሙ። በገበታ ታላቅ ይቅደም። በጸሎት ታላቅ ይቅደም። በእሳት ጊዜ ግን ለበሩ የቀረበ ይቅደም። በዚህ ነገር ታላቅ የለም፣ እኔም የለሁበት።»

«ሹፌሩ አስጠነቀቀን፣ እንዳለውም ሆነ፣ እሳቱም ጠፋ» አለ ያ አህያ የሚነዳው ጎረቤታችን። «የማይዋሽ መኪና ነው።» ሰው ሳቀ። እኔ ግን ገና መሳቅ አልቻልኩም፤ ባሌን ነበር የማየው።

ተገኘ ከመኪናው ሥር ገብቶ የተያዘውን ፍሬን አላቀቀ። ሰው ጭኖ ቁልቁለቱን አልወርድም አለና ባዶውን ቀስ እያለ አወረደው፤ እኛ በእግር ተከተልን። ሜዳው ላይ እንደገና ፈተሸውና በሮቹን ከፈተ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። መሪጌታ ማንንም ይቅደሙ ሳይሉ፣ ማንንም ሳያዩ ቀድመው ወጡ። ሌላው ተከተላቸው። የኔ በር ከፊቱ በር ይልቅ ሞላ፤ «ከሚገፉበት በኩል ይሻላል» ይሉ ነበር እየተሳሳቁ።

ማታ መሐል ሜዳ ስንገባ ገበያተኛው እያመሰገነ ተበተነ። አቶ ጌጡ ቀረብ ብሎ «እንዴት ነው ተገኘ፣ ምን እንበል?» አለው። በነገሩ መጨረሻ ላይ ደረስን ብዬ ጠጋ አልኩ።

ተገኘ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አሰበ። «ነገ እሑድ ነው፣ አልነካውም» አለ። «ሰኞ ፍሬኑን ፈትቼ አየዋለሁ። ረቡዕ ማጥፊያዎቹን የሚያስሞላ ሰው ላኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንሄዳለን። የዚያን ሳምንት ደግሞ የጣራውን ላሜራ አስተካክላለሁ።»

ሰኞ፣ ረቡዕ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ፣ የዚያን ሳምንት። ይህ ሰው ሃያ ዓመት እኔ ቤት ሲመጣ የሚቆጥረው መሄጃውን ብቻ ነበር። አሁን እዚህ ቆሞ፣ እኔው ፊት፣ ተራ ተራ ቀኖችን አንድ በአንድ ለራሱ ያዘ። አቶ ጌጡ ስለ ላሜራው አንድ ነገር ይናገራል፤ አልሰማሁትም። ባሌን ክንዱን ያዝኩና «ና፣ እንግባ፤ ደክሞሃል» አልኩት።

«ቆይ፣ በሮቹን ልቆልፍ» አለኝ። ቆየሁት።